የላምባ ልክ

መብራት የጠፋው እራት ቀርቦ እጅ ስንታጠብ ነው። የእህቴ ልጅ ስልኳን አወጣች፤ ባትሪው አራት ከመቶ ብቻ ቀርቶታል። የኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ስመጣ መንገድ ላይ ነው የሞተው። እማዬ ምንም ሳትል በዳበሳ ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ዕቃ ሲንኳኳ፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ፣ ክብሪት ሲጫር ሰማን። ስትመለስ በአንድ እጇ ነፋስ እየከለለች ያንኑ ኩራዝ ይዛለች፤ የድልህ ቆርቆሮ፣ አናቱ ላይ ክር የሚወጣባት ቀጭን ቱቦ፣ ጎኑ ላይ የተበየደች ጆሮ። ጆሮዋ በአንድ በኩል ተነቅላ በሽቦ ታስራለች። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ከብርሃኑ በፊት ሽታው ደረሰኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ይዛ።

«ላምባ ነዋ!» አለች እማዬ፤ «ያጎትሽ ሽቶ።»

ቀን ላይ ልጅቷ አንድ ነገር ጠይቃኝ በሳቅ አልፌያት ነበር። ይህ በ2017 ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ክረምት ሲገባ ትፈተናለች። «ጋሼ፣ ምን ያህል ባጠና ነው የሚበቃኝ?» ነበር ያለችኝ። በሰዓት እንድነግራት ትፈልጋለች፤ በቀን ስድስት? ስምንት? አንዷ ጓደኛዋ አሥር ሰዓት አጠናለሁ ብላ እንቅልፍ ነሥታታለች። እኔም «አብሽሪ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» ብዬ ወደ ቡናዬ ዞርኩ። ሽሽት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጥያቄው የራሴ ነበር፤ ያኔም መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

በ1987 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ቆጣሪው የአከራያችን ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ሒሳብ ግን ያውቃሉ። ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ከእሳቸው ቤት በኩል ማጥፊያው «ቀጭ» ይልና ግቢው ድርግም ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሌሊት የኩራዝ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ ነበልባሉ ወደ ጎን ይጋደማል፤ እኔም አብሬው እጋደማለሁ። ደብተሩን ለማየት አንገቴን ስሰብቅ የግንባሬ ፀጉር «ጭስስ» ይልና ከላምባው ሽታ ላይ የተለበለበ ፀጉር ሽታ ይጨመራል። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ እማዬ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልታ ታቀርብልኛለች፤ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ እነክራለሁ። የደሴ ሌሊት ውሃ እስከ መንጋጋ ነው የሚሰማው። አጠገቤ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ አለ፣ ቆሎ አለ፤ ከበሩ ጀርባ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ እማዬ በከሰል ያሰመረቻቸው መስመሮች አሉ። እንጀራ ጋግራ ስለምትሸጥ የደንበኞቿ ዱቤ ነው ብዬ ልብ ብያቸው አላውቅም።

ጠዋት ስታጠብ ከአፍንጫዬ የሚወጣው ጥቁር ነበር። አንድ የክፍላችን ልጅ «ማን ስንት ሰዓት እንዳጠና ማወቅ የፈለገ መሐረቡን ይይ» ይል ነበር። ቀልድ ቢመስልም ከዚያ የተሻለ መለኪያ በእጃችን አልነበረም።

ማትሪክ እንለዋለን፤ «ማትሪኩሌሽን» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ስም ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ ነው፣ የኮሌጅም መግቢያ። ያኔ ውጤቱ በኤ፣ በቢ፣ በሲ ይመጣ ነበር፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ የግድ ተቆጥረው፣ ከቀሩት የተሻሉት ሦስቱ ተጨምረውበት ከአራት ነጥብ ይታሰብ ነበር። «ፎር ፖይንት» ያመጣ ልጅ ስሙ ከጦሳ ማዶ ይሰማል። በዚያን ዓመት በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ኮሌጆች ናቸው፣ እነሱም በጣት የሚቆጠሩ። ደሴ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያየችው ከዚያ አሥር ዓመት አልፎ ነው። በሩ ጠባብ መሆኑን እናውቃለን፤ ስንት ጋት እንደሆነ ለክቶ የነገረን የለም። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ «አጥኑ!» ነበር የሚሉን። እስከየት ድረስ? «አጥኑ!»

ስለዚህ በዙር ለካነው። «ስንት ዙር ሄድክ?» ነበር ሰላምታችን። አንድ ዙር ማለት ደብተሩን ከሽፋን እስከ ሽፋን መሸምደድ ነው። መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ስለሚታደል አንዱ ቀን ይይዘዋል፣ አንዱ ማታ። ቸካይ መባል ስድብ አልነበረም፤ እንዲያውም ቸካይ ያልተባለ ነበር የሚያፍረው። እኔ ባዮሎጂን ሦስት ዙር፣ ታሪክን አራት፣ ጂኦግራፊን አምስት ዙር ሄጃለሁ። የዓባይን ገባሮች ዛሬም እንቅልፍ ሲያጣኝ እቆጥራቸዋለሁ፤ በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ደዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስ። ፈተናው ላይ አንዳቸውም አልመጡም።

ወሬውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ዘንድሮ ኬሚስትሪ ከአሥረኛ ክፍል ነው የሚያወጡት፤ የለም ከአሥራ አንደኛ ነው፤ እገሌ አዲስ አበባ ዘመድ አለው፣ ጥያቄው በእጁ ነው። ይህን የተባለውን እገሌ ለሦስት ቀን ተከታትለነው ነበር፤ ምስኪኑ እንደኛው ያጠና ነበር። ከኛ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ እንዲህ ያለው ወሬ እውነት ሆኖ የእንግሊዝኛው ጥያቄ ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ፈተናው በአገር ደረጃ ተሰርዞ እንደገና ሲሰጥ፣ ያ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ። ምን ያህል ጠልተነው እንደነበር።

ከዚያ ዓመት ሰዎች አብልጦ የሚመላለስብኝ ግን ካሲዮ ነው። ስሙ አይደለም፤ አጎቱ ከጂዳ የላኩለትን ሰዓት ስለሚያደርግ የወጣለት ነው። ቤታቸው ሰኞ ገበያ በኩል ነው። ካሲዮ ማታ አያጠናም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ይተኛል፤ የሱብሂ አዛን ሲል ተነሥቶ ይሰግድና ፀሐይ እስክትወጣ ያነባል። የሱ ቀን የሚጀምረው እኔ ኩራዙን አጥፍቼ፣ እግሬን አድርቄ፣ የመድኃኔ ዓለምን ደወል እየሰማሁ ስጋደም ነው። በልቤ እንቀው ነበር። የአንድ ሰዓት ጥናት ጥናት ነው?

አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ጠራኝ። ከታላቅ ወንድሙ የቀረ፣ በስቴንስል የተባዛ የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ክምር አለው። ወረቀቱ ሻካራ ነው፤ የኋላ ገጹ ቀለም ወደ ፊት አልፎ «ቢ» ይሁን «ዲ» ለመለየት ወደ መስኮቱ ማዞር ያስፈልጋል። እናቱ የሰጡንን ሻይ ሳንጨርስ ሰዓቱን ከእጁ ፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና «አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ። ካለፈ ተወው» አለ። የሒሳብ ወረቀት ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ አስቸገረኝ። ያዝኩት። ወዲህ አገላበጥኩት፣ ወዲያ አገላበጥኩት፣ በመጨረሻ ወጣልኝ። ኩራት እየተሰማኝ ቀና ስል ካሲዮ ሰዓቱን አዙሮ አሳየኝ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።

«አንተ አንድ አገኘህ፣ እኔ አምስት» አለ።

«የኔ ግን ገብቶኛል» አልኩት።

«ይግባህ። እነሱ የሚቆጥሩት የጠቆረውን ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። እሱ ተከትሎኝ እስከ በሩ መጣ፤ «በሚቀጥለው ቅዳሜስ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ ደግሜም አልሄድኩም። አምስተኛውን የጂኦግራፊ ዙር የጀመርኩት ያን ማታ ነው፤ በእልህ።

ሌላዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በአጥር ብቻ ነው የምንለያየው፤ አንድ ክፍል ነበርን። እሷ ዙር የምትሄድበት ጊዜ አልነበራትም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች። አንድ ቀን እማዬ እርሾ አምጣ ብላ ልካኝ ምጣድ ቤታቸው ገባሁ። የበሩ ጀርባ በሙሉ ወረቀት ነው። ከደብተሯ እየቀደደች የፊዚክስ ቀመሮችን በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሊጥ ለጥፋቸዋለች። ጢሱ አጥቁሯቸዋል፣ የሊጡ ጠርዝ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አንዷን ወረቀት አይጥ ከጥጓ በልታታለች። እንጀራው እስኪበስል ምጣዱን ከድና ዞር ብላ አንዷን ታነብባለች፤ ታወጣለች፣ ታሰፋለች፣ ዞር ብላ ሌላዋን ታነብባለች። ስገባ አፍራ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው። በስንት እንጀራ ስንት ቀመር እንደያዘች አላውቅም። ውጤት ሲመጣ በጥቂት ነጥብ አነሳት። «ትንሽ ብታጠና ኖሮ» ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም ያኔ አብሬ አንገቴን ነቅንቄ ይሆናል። የዛሬ አእምሮዬ ቢኖረኝ፣ «ትንሽ ማን ቢጋግርላት ኖሮ?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር።

ፈተናው ራሱ ቶሎ ያለቀ ነገር ነው። እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ የመፈተኛ ካርድ። ጠዋት የእናቶች ምርቃት፤ «ብዕርህን ያቅናው፣ ዓይነ ልቡናህን ያብራው።» እንግሊዝኛው ደህና ሄደ። ሒሳብ ላይ አንዷን ጥያቄ «እመለስባታለሁ» ብዬ ዘለልኳት፤ ሠላሳ ሁለተኛዋን። ጥያቄውን ዘለልኩ እንጂ መልስ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ክብ አልዘለልኩም። የሠላሳ ሦስትን መልስ በሠላሳ ሁለት ላይ አጠቆርኩ፣ የሠላሳ አራትን በሠላሳ ሦስት ላይ፣ እንዲህ እያልኩ ወረድኩ። ያወቅሁት የመጨረሻዋን ጥያቄ ሠርቼ፣ አንዲት ክብ ባዶ ሆና ቁልቁል ስታየኝ ነው።

ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። የላጲሴ ግማሽ ለዴስክ ጓደኛዬ ተሰጥቷል። በቀረችኝ ቁራጭ ከታች ወደ ላይ እያጠፋሁ፣ እየተነፈስኩበት፣ በክንዴ እየጠረግሁ እንደገና ማጥቆር ጀመርኩ። ወረቀቱ ሳሳ፤ አንድ ቦታ ላይ ሊበሳ ምንም አልቀረውም። ፈታኙ «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል» ሲሉ ገና አርባዎቹ ላይ ነበርኩ። በዚያች ሰዓት በሽሎም፣ ወለቃም፣ አምስቱም ዙር አልነበሩም። የነበረው የካሲዮ ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ። ስንት ሌሊት ሙሉ መጽሐፍ ስበላ ሰዓት ይዤ አንድ ወረቀት ከራስ እስከ ግርጌ ሠርቼ አላውቅም። ያጠናሁት ይበቃ ነበር፣ ይተርፍ ነበር። የቀረኝ ከጥናቱ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ከሻይ ጋር ቀርቦልኝ ትቼው ወጥቻለሁ።

አለፍኩ፤ በሒሳብ የጠበቅሁትን ባላገኝም አዲስ አበባ ገባሁ። ካሲዮ ከኔ በልጦ ዓለማያ ሄደ። ያን ቅዳሜ አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም አላነሣሁለትም።

የልጅቷን ጥናት ቀን ላይ አይቻለሁ። ስልኳ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት ጥያቄ ከነመልሱ በቴሌግራም ይመጣላታል፤ ፒዲኤፉ ተከምሮ «ቦታ የለም» እያለ ስልኩ ይለምናታል። የመለማመጃ መጻሕፍቱ አልጋዋ ሥር ተደርድረዋል፤ ትምህርት ቤት ሞዴል ፈተና ይሰጣታል፣ ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል አላት። አንዱንም ሁለቴ አላየችውም። እኛ የነበረን ጥቂት ስለሆነ እስኪያልቅ አኘክነው፤ እሷ የቀረበላት ብዙ ስለሆነ ከሁሉም ትቀምሳለች። የሷን ዓይነት ጭንቀት እኔ አላውቀውም፤ ባላጠናሁት መጽሐፍ ተጨንቄ አላውቅም፣ መጽሐፉ አልነበረማ።

ደግሞም የሷ በር ከኔ ይሰፋል ማለት ያስቸግራል። ዩኒቨርሲቲው በዝቷል፤ ከቤታቸው በእግር የሚደረስ አለ። ነገር ግን ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ወደየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወስዶ መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲነገር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ይበልጡ ነበር። በዓመቱ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ኩረጃው ሲከለከል እውነቱ ወጣ ያሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ይህች ልጅ ግን ሰባተኛ ክፍል ሳለች ኮሮና ትምህርት ቤቷን ዘጋው፤ ዘጠነኛ ክፍል በገባች በጥቂት ሳምንት፣ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ፣ ጦርነቱ ደሴ ደረሰና ከእማዬ ጋር በአይሱዙ ተጭነው ተሰደዱ። ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፏል። ቴሌቪዥኑ ሄዷል፣ ምጣዱ ሄዷል፣ የልጅቷ ደብተሮች ግቢው ውስጥ ዝናብ በልቷቸዋል። ኩራዙን የነካው የለም። ታዲያ እንዲህ ላለችው ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ብለህ ነው የምትቆርጥላት?

«ጋሼ፣ አልመለስክልኝም እኮ» አለች እራቱን ስንጀምር። ነበልባሉ በመካከላችን ይወዛወዛል፤ የሦስታችን ጥላ ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ራስህ ምን ያህል አጥንተህ ነው ያለፍከው?»

«እኔንጃ…» ብዬ ስጀምር እማዬ አቋረጠችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ጠርሙስ።»

ሁለታችንም ዞር አልን። እሷ እንጀራዋን እያጠቀሰች ነው።

«የምን?»

«የላምባ ነዋ! ከባለሱቁ በዱቤ ነበር የማመጣው። ሰውየው እንዳያምታታኝ ከበሩ ኋላ በከሰል አሰምር ነበር፤ አንተማ መች ታየኝና! እስከ መስቀል ከፍዬ ጨረስኩት።» ጉርሻዋን ዋጠች። «ሁሉን አልጨረስከውም ደግሞ። አሥራ ስምንቱን ነው ያነደድከው። አሥራ ዘጠነኛዋን ፈተናህን ጨርሰህ ሁለት ቀን እንደ ሬሳ ስትተኛ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እምቢ ሲለኝ አቀጣጠልኩባት።»

የጠርሙሶቹን ቁጥር በአእምሮዬ ከመስመሮቹ ጋር ላገጣጥም ሞከርኩ፤ አቅቶኝ ተውኩት። ልጅቷ እየሳቀች ነው።

«አሥራ ስምንት ጠርሙስ በሰዓት ስንት ይሆናል?» ብላ ልታሰላ ስልኳን አነሣች። ስልኩ ሞቷል።

መብራት መጣ። ከጎረቤት የልጆች ጩኸት ተሰማ፣ ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ፣ ልጅቷ ቻርጀሯን ፍለጋ ተነሣች። እማዬ ከሁላችን ቀድማ ጎንበስ ብላ ኩራዙን እፍ አለችው፤ ላምባው እንዳይባክን።